7 አይረናችሁ ስንት ይሄዳል?

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለተሰበሰቡ የጎልፍ ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር፤ መልሱን በልባችሁ ያዙት። 7 አይረናችሁ፣ ማለትም ለመካከለኛ ርቀት የምታወጡት የብረት ዱላ፣ ስንት ያርድ ይሄዳል?

ሥራዬ የሰውን ቁመት፣ የክንዱን ርዝመትና የስዊንጉን፣ ማለትም ዱላ የሚያወዛውዝበትን፣ ፍጥነት አይቶ ዱላ ማስተካከል ስለሆነ፣ ወደ እኔ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ነው። 150፣ 160፣ ጠንካራ ወጣት ከሆነ 170። ሰውየው እየዋሸ አይደለም። አንድ ቀን ነፋስ ከኋላ እየገፋ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ኳሷ በዱላው እምብርት ተመትታ በእርግጥ 160 ሄዳለች። እንዲህ ያለ ምት ግን በየሳምንቱ አይገኝም። ሰው የሚያስታውሰው ያማረለትን ምት ስለሆነ የሆሉን፣ ማለትም የኳሷ መግቢያ ጉድጓድን፣ ባንዲራ 160 ላይ ባየ ቁጥር እጁ ወደ 7 አይረን ይሄዳል፣ ኳሷም አጥራ ባንከር የሚባለው የአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ጥፋቱ ወይ በስዊንጉ ወይ በዱላው ይላከካል። አንዳንዱም በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ዱላ ፍለጋ ሱቅ ይሄዳል። ስዊንጉም ዱላውም ደህና ናቸው፤ የተሳሳተው በጭንቅላቱ ይዞት የሚዞረው ቁጥር ነው።

እኔ ዛሬ አንድ ነገር ላሳምናችሁ እፈልጋለሁ። ዱላ መመዘን ያለበት በዘወትር ምቱ ነው። ያንን የዘወትር ምት ያለ አድልዎ መዝግቦ የሚያስቀምጥ መሣሪያ ድሮ የባለሙያዎች ብቻ ነበር፤ ዛሬ የጎልፍ ስማርት ሰዓት ሆኖ የብዙዎቻችሁ እጅ ላይ ታስሯል። መዝገቡን ማንበብ ካልቻልን ግን እሱው ራሱ ያሳስተናል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜዬን የማጠፋው በማንበቡ ላይ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ላስረዳ፤ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ የሚያውቅ ሰው የቱን ማመን እንዳለበትም ያውቃል። የጎልፍ ስማርት ሰዓት በዋናነት የሚሠራው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ጂፒኤስ ነው፤ የቆማችሁበትን ቦታ ከሳተላይት ያገኛል። ሌላው አክስለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ የሚባሉት ጥቃቅን የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ናቸው፤ የክንዳችሁን አዟዟርና ዱላው ኳሷን ሲመታ የሚመጣውን ድንገተኛ ንዝረት ይለያሉ። ሁለቱ ተጣምረው «እዚህ ቦታ ላይ አንድ ምት ተመታ» ብለው ነጥብ ያስቀምጣሉ። ሄዳችሁ ቀጣዩን ስትመቱ ሁለተኛ ነጥብ ይቀመጣል። ከነጥብ ወደ ነጥብ ያለው ቀጥታ መስመር የመጀመሪያው ምት ርቀት ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሰዓቱ ኳሷን አያያትም። የሚያየው እናንተን ነው። ስለዚህ የሚሰጣችሁ ርቀት ኳሷ በአየር ላይ የሄደችውንም መሬት ላይ የተንከባለለችውንም ደምሮ ነው። ሐምሌ ላይ መሬቱ ደርቆ ሲጠነክር ድራይቨራችሁ፣ ረጅሙን የመነሻ ምት የምትመቱበት ዱላ፣ «ረዘመ»፣ መጋቢት ላይ ሣሩ ጨቅይቶ «አጠረ» የሚላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጂፒኤሱ ራሱም ጥርት ባለ ሰማይ ሥር እንኳ በጥቂት ሜትሮች ሊስት ይችላል፤ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የአንዲት ምትን ቁጥር እስከ መጨረሻው ያርድ አትመኑት። ብዙ ምቶች ሲሰበሰቡ ግን ወዲህና ወዲያ ያለው ስህተት እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ሰዓቱ ብቻውን የማያውቀው ሌላ ነገር በየትኛው ዱላ እንደመታችሁ ነው። ለዚህ የተለያዩ ኩባንያዎች የተለያየ መላ አምጥተዋል። ቀድመው ከመጡት አንዱ ጌም ጎልፍ ነበር፤ ቀበቶ ላይ የሚሰካ መሣሪያ ነበረው፣ በየዱላው እጀታ ጫፍ ላይ ታግ፣ ማለትም ዱላውን የሚለይ ትንሽ ምልክት፣ ይደረግና ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ዱላውን መሣሪያው ላይ ነካ ያደርጋል። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ግን ከእያንዳንዱ ምት በፊት ማስታወስ ይጠይቃል። ከስኮትላንድ ኤዲንብራ የተነሳው ሾት ስኮፕ ታጉን ሰዓቱ ራሱ እንዲለየው አደረገ። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቲ10 የተባሉትን ሴንሰሮች አወጣ፤ እጀታው ጫፍ ላይ ይጠመዘዙና ከሰዓቱ ጋር ይነጋገራሉ። የአሜሪካኑ አርኮስ በበኩሉ ምቱን በስልክ ማይክሮፎን በድምፅ ጭምር ያዳምጣል። ስልክ ኪስ ውስጥ ይዞ መምታት የማይወድ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በኋላ ቀበቶ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ ጨመሩለት።

የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሳትረሱ በየዙሩ የምታደርጉት ይሻላል ነው መልሴ። ግማሹ ዙር ተመዝግቦ ግማሹ የጠፋበት መዝገብ ጨርሶ ካለመመዝገብ የባሰ ሊያሳስት ይችላል፤ ሰው ሲበሳጭ ነው መመዝገብ የሚያቆመውና። የተበሳጨባቸው ምቶች ከወጡለት ደግሞ መዝገቡ ያው መጀመሪያ ያነሳነው በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ይሆናል።

ሁሉም የሚጋሩት ድክመት አለ። ቺፕ የሚባሉት አጫጭር ምቶችና ሆሉ አጠገብ በቀስታ የሚገፉት ፓቶች ያመልጧቸዋል። የልምምድ ስዊንግን አንዳንዴ እንደ ምት ይቆጥራሉ። ኳሷ ውኃ ከገባች የተመዘገበው ርቀት ኳሷ የገባችበት ሳይሆን እናንተ ቅጣት ወስዳችሁ የጣላችሁበት ነው። ስለዚህ ከዙሩ በኋላ፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ አፑን ከፍታችሁ ሆል በሆል እያያችሁ አስተካክሉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይስተካከል ለሦስት ወር የተጠራቀመ መዝገብ ይዘውልኝ ሲመጡ በጣም ያሳዝነኛል፤ ድካሙ ተደክሟል፣ ፍሬው ግን ሊታመን አይችልም።

ሱቅ ውስጥ ያለው የራዳር መለኪያስ? የዴንማርኩ ትራክማንና መሰሎቹ ኳሷን ራሷን ይከታተላሉ፤ የተነሳችበትን ፍጥነት፣ ከፍታዋን፣ ሽክርክሪቷን ሁሉ። በዚያ ላይ ሰዓት አይወዳደራቸውም። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ የምትመቱት ከምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፍ ላይ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬት ቢነካ እንኳ ተንሸራትቶ ያልፋል፣ ምቱም ደህና ይመስላል። ያው ምት ዲሲ ውስጥ ባለው የሄይንስ ፖይንት ሜዳ ሣር ላይ ቢሆን ዱላው አፈር ቆፍሮ ይቀራል። ደግሞም ሱቅ ውስጥ አንዱን ዱላ ደጋግማችሁ ስትመቱ ክንዳችሁ ይለምደዋል፤ ሜዳ ላይ ግን 7 አይረንን ከመታችሁ በኋላ ለሚቀጥለው 7 አይረን ምት ግማሽ ሰዓት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ሁለቱ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። ራዳሩ ዱላው ምን እንደሚችል ይነግራችኋል። ሰዓቱ እናንተ በዱላው ምን እንደምታደርጉበት ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ማንበቡ እንምጣ። ፈቃዱን ጠይቄ የአንድ ወዳጃችንን ቁጥሮች ይዤ መጥቻለሁ። 7 አይረኑ 160 ይሄዳል ብሎ የነገረኝ ሰው ነው። ሰዓቱ ላይ የተገኙት ተከታታይ አሥር ምቶች እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም በያርድ ነው።

148፣ 139፣ 151፣ 97፣ 142፣ 145፣ 128፣ 160፣ 144፣ 140።

አያችሁት? 160 አለች፤ ስምንተኛዋ ናት። ግን አንዴ ነው የመጣችው። የአሥሩ አማካይ 139 ከምናምን ነው። አማካዩን ወደታች የጎተተችው 97 ናት፤ እሷን ከዛፍ ሥር ዝቅ አድርጎ ሣሩ ወደተከረከመው መሐል ሜዳ፣ ወደ ፌርዌይ፣ ለመመለስ የመታት ነች፣ የሙሉ ስዊንግ ምት አይደለችም። እሷን ስናወጣ አማካዩ 144 ይሆናል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ብንደረድራቸው ደግሞ መሐል የሚቀመጡት 142 እና 144 ናቸው፤ 143 በሉት። የዚህ ሰው 7 አይረን ርቀት 143 ነው። አንዳንዶቹ አፖች ይህን ማጣራት ራሳቸው ይሠሩታል፤ አርኮስ «ስማርት ዲስታንስ» ይለዋል፣ ሾት ስኮፕ ደግሞ ያፈነገጡትን ያወጣ የራሱ አማካይ አለው። ተራውን አማካይና የተጣራውን ለይታችሁ እዩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ትልቁ ቁም ነገር። ባንዲራው 150 ያርድ ላይ ነው እንበል። ከፊቱ ባንከር አለ። ይህ ሰው 7 አይረን ቢያወጣ ከዘጠኙ ሙሉ ምቶቹ 150 የደረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 151 እና 160። ሰባቱ አጥረዋል፤ እሱም መንከባለላቸው ተደምሮ። 6 አይረን ቢያወጣ ኖሮ አብዛኞቹ ሆሉ ባለበት አጭር ሣር፣ ግሪኑ ላይ ነበሩ። ምንም ስዊንግ ሳይቀይር፣ አንድ ዶላር ሳያወጣ። የአብዛኛው አማተር ተጫዋች ስህተት ወደ ማጠር ያደላል፣ ምክንያቱም ዱላውን የሚመርጠው በምርጥ ምቱ ነው። የተጫዋችን ደረጃ የሚለካው የሃንዲካፕ ቁጥራችሁ እንኳ ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች ምርጥ 8ቱን ነው የሚወስደው፤ መልካም ቀናችሁን ይነግራል። የዘወትር ቀናችሁን የሚነግራችሁ እጃችሁ ላይ ያለው መዝገብ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ ለሴት ተጫዋቾቻችን። በወንዶቹ ፒጂኤ ቱር ያሉ ባለሙያዎች 7 አይረንን በአማካይ 170 ያርድ ዘለል አድርገው በአየር ያስኬዳሉ። በሴቶቹ ኤልፒጂኤ ደግሞ 140 ገደማ ነው። ዓለም አቀፍ ዋንጫ የሚያነሱ ሴቶች ናቸው እንግዲህ። 7 አይረኔ 110 ነው የሚሄደው ብላችሁ አፍራችሁ ቁጥር የማትናገሩ አላችሁ፤ እባካችሁ አታፍሩ። 110 መሆኑን በትክክል የምታውቅ ተጫዋች፣ 150 ነው ብሎ ከሚገምት ወንድ የተሻለ ዱላ ትመርጣለች።

ሁለት ዱላ ማወዳደር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ ድራይቨር ገዝታችሁ አንድ ዙር ተጫወታችሁ እንበል። መደበኛ ሜዳ ላይ 18 ሆል ነው፣ ብዙውን ጊዜ አራቱ ፓር 3፣ ማለትም በሦስት ምት እንዲያልቁ የታሰቡ አጫጭር ሆሎች ናቸው፣ ስለዚህ ድራይቨር የምትመቱት ቢበዛ 14 ጊዜ ነው። ሰዓቱ አዲሱ ከአሮጌው በ7 ያርድ ረዘመ አላችሁ። ደስ አላችሁ። ግን ድራይቨራችሁ ከምት ምት በ20 ያርድ ገደማ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ለብዙ አማተር እንዲህ ነው፣ በየዱላው አንድ ዙር ብቻ ተጫውቶ በማወዳደር 7 ወይም 8 ያርድ በዕድል ብቻ ሊመጣ ይችላል። ያውም አንዱ ዱላ ከሌላው ምንም ሳይሻል። በዕድል የሚመጣው ልዩነት ወደ ሁለት ያርድ ተኩል ገደማ እንዲወርድ በእያንዳንዱ ዱላ 130 ያህል ምት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ ዘጠኝ ዙር ነው። 7 አይረንማ በዙር ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሚወጣ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ ታገሡ። በአንድ ቅዳሜ ውጤት አሮጌውን ዱላችሁን አትሽጡ።

ከቁጥሩ ብዛት ሌላ እኩልነትም ያስፈልጋል። አሮጌውን በሚያዝያ ብርድ፣ አዲሱን በሐምሌ ሙቀት ከመታችሁ ያወዳደራችሁት ወራቱን ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ኳሷን ይይዛታል፣ ኳሷ ራሷም ስትቀዘቅዝ መፈናጠሯ ይቀንሳል። የዋሽንግተን የበጋ ወበቅ ያከብዳታል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እርጥበት ያለው አየር ግን ከደረቅ አየር እንዲያውም በትንሹ ይቀላል። እኔ የምመክረው ሁለቱንም በአንድ ቦርሳ ይዛችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ሆሎች በአንዱ፣ የኋለኞቹን በሌላው መምታት ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ተራውን ገልብጡት። ሕጉ ከ1938 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በብሪታንያ በኩል 14 ዱላ ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ሁለት ድራይቨር ለመያዝ ከሌላው አንዱን አውጡ።

አንድ ቀላል የሚመስል ግን ብዙ መዝገብ ያበላሸ ነገር አለ። ታጉን ከአሮጌው ዱላ ነቅላችሁ አዲሱ ላይ ስታስገቡ፣ አፑ ውስጥ አዲስ ዱላ ብላችሁ መዝግቡ። ያለዚያ የሁለቱ ምቶች በአንድ ስም ተደባልቀው ይቀመጣሉ፤ ማወዳደርም አበቃ።

ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አይረን አታወዳድሩ፤ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። የዱላው ፊት የሚያዘነብልበትን ሎፍት ጠይቁ። ባህላዊ የሚባሉት 7 አይረኖች 34 ወይም 35 ዲግሪ ገደማ ናቸው። ዛሬ ለርቀት ተብለው ከሚሠሩት 7 አይረኖች ብዙዎቹ 28 ወይም 29 ዲግሪ ላይ ናቸው። ያ የድሮው 5 አይረን አካባቢ ነው። «አዲሱ 7 አይረን 15 ያርድ ጨመረልኝ» የሚል ሰው ያወዳደረው ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸውን ዱላዎች ነው። ከዚያ በታች ባሉት የአጭር ርቀት ዱላዎች፣ በዌጆቹ ላይ ችግር ይመጣል፤ ፒቺንግ ዌጁ 43 ዲግሪ ሆኖ ሳንድ ዌጁ 56 ከሆነ፣ በመሐላቸው ምንም ዱላ የማይሸፍነው ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል። ሰዓታችሁ ይህን ክፍተት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የዱላዎቻችሁን ርቀት ከረጅሙ ወደ አጭሩ ደርድሩና በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ቀንሱ፤ የት 25 ያርድ ባዶ እንዳለ፣ የት ደግሞ ሁለት ዱላ አንድ ሥራ እየሠሩ ቦርሳ እንደሚያጣብቡ ታያላችሁ።

ድራይቨር ላይ ደግሞ የሚጠበቀውን ልክ እወቁ። የድራይቨር ፊት ኳስ የሚያፈናጥርበት ኃይልም፣ የዱላው ጭንቅላት ትልቀትም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሕግ ተገድቧል፤ ትልቀቱ ከ460 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አያልፍም። ስለዚህ የዘንድሮው ከአምናው በእምብርቱ ሲመታ ያን ያህል ሊበልጥ አይችልም። ልዩነቱ የሚመጣው ኳሷ ከእምብርቱ ውጭ ስትመታ ምን ያህል ርቀትና አቅጣጫ እንደምታጣ ላይ፣ እንዲሁም ሻፍቱ፣ ማለትም የዱላው ዘንግ፣ እና ሎፍቱ ለእናንተ ስዊንግ መስማማቱ ላይ ነው። ይህን የምታዩት ከረጅሟ ምት ሳይሆን ከአጫጭሮቹና ከጎን ከወጡት ነው። የትኛው ድራይቨር ብዙ ጊዜ ዛፍ ውስጥ እንደሚያስገባችሁ እዩ።

እዚህ ላይ ስትሮክስ ጌይንድ የሚባለውን መለኪያ ሳልነካ ባልፍ ይጎድላል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ትምህርት ቤት መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ ያሳደጉት ሐሳብ ነው፤ ፒጂኤ ቱር በ2011 በቅድሚያ ለፓቲንግ ሥራ ላይ አዋለው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የቱር ተጫዋች ከ100 ያርድ፣ ከፌርዌይ ላይ፣ ኳሷን ሆል ውስጥ ለመክተት በአማካይ 2.8 ምት ይፈጅበታል። ከ8 ጫማ ርቀት ፓት ደግሞ 1.5። አሁን ከ100 ያርድ መትታችሁ 8 ጫማ ላይ ካሳረፋችኋት፣ ከ2.8 ላይ 1.5 ትቀንሳላችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን አንድ ምት ትቀንሳላችሁ፣ 0.3 ይተርፋል። ያንን 0.3 አትርፋችኋል። 33 ጫማ ላይ ካሳረፋችኋት ግን ከዚያ የሚፈጀው 2 ስለሆነ 0.2 ከስራችኋል፤ ግሪን ላይ ሆናችሁም ቢሆን።

የዚህ ውበቱ ርቀትንና ትክክለኛነትን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጡ ነው። ድራይቨራችሁ ከእሱ ቀጥሎ ካለው ረጅም ዱላ፣ ከ3 ውዳችሁ፣ በ20 ያርድ ይረዝም ይሆናል፤ ነገር ግን ከሦስት አንዴ ራፍ የሚባለው ረጅም ሣር ወይም ዛፍ ውስጥ የሚያስገባችሁ ከሆነ ትርፉ ወዴት እንደሄደ ይህ ቁጥር ያሳያል። ብዙ ጊዜ፣ ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገርመዋል፣ ድራይቨሩ አሁንም ያሸንፋል። ብሮዲ ያሳዩት ትልቁ ነገር በጥሩና በደካማ ተጫዋች መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚመጣው ከ100 ያርድ ውጭ ከሚመቱ ምቶች መሆኑን ነው። ልምምዱን ሁሉ ፓቲንግ ላይ ያደረገ ሰው ይህን ሰምቶ ቅር ይለዋል። ግን የራሳችሁን መዝገብ ከእናንተው ሃንዲካፕ እኩያ ካላቸው ጋር አስተያዩት፤ አፖቹ ይህን ማወዳደሪያ አላቸው። ከቱር ተጫዋቾች ጋር ብታወዳድሩት ሁሉም ነገር ቀይ ሆኖ ይታያችሁና ተስፋ ያስቆርጣችኋል።

ስለ ሜዳዎቻችን አንዲት ነገር ተናግሬ ወደ ጥያቄ እንሄዳለን። ብዙዎቻችሁ ቁጥራችሁን የምትሰበስቡት ዲሲ ውስጥ ሄይንስ ፖይንት ወይም ላንግስተን ላይ ነው። ላንግስተን በ1939 የተከፈተው ጥቁር ተጫዋቾች በሌሎች ሜዳዎች እንዳይጫወቱ በሚከለከሉበት ዘመን ነው፤ ዌክ ሮቢን የተባለው በ1937 የተመሠረተ የጥቁር ሴቶች የጎልፍ ክለብ ለመንግሥት አቤት ካሉት መካከል ነበረ። ያ ሜዳ በእነዚህ ሰዎች ትግል የተገኘ ነው፤ እኛም ዛሬ ሰዓታችንን አስረን የምንራመድበት ነውና ማወቅ ይገባናል።

ከአዳራሹ ከተነሱት ጥያቄዎች

አንድ አባት፦ «ዕድሜዬ እየገፋ ነው፣ ርቀቴም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ዱላ ልቀይር?»

ጋሼ፣ መጀመሪያ መዝገብዎን በየዓመቱ ለይተው ይዩት፤ የቀነሰው በሁሉም ዱላ ነው ወይስ በረጃጅሞቹ ብቻ? ስዊንግ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጎዱት 4 እና 5 አይረን ናቸው። ሎፍታቸው ትንሽ ስለሆነ ኳሷ በበቂ ከፍታ አትነሳላቸውም፤ ያኔ 4ም 5ም 6ም ተቀራራቢ ርቀት ላይ ይወድቃሉ። የእርስዎ መዝገብ ይህን ካሳየ ሁሉንም አይቀይሩ። 4ን እና 5ን አውጥተው በቦታቸው ሃይብሪድ ወይም 7 ውድ ያስገቡ፤ እነሱ ኳሷን ከፍ ያደርጓታል። ደግሞም ወደፊት ወዳለው ቲ፣ ማለትም የመነሻ ቦታ፣ ይምጡ። ሜዳው ለዚህ ነው የተለያየ ቲ የተደረገለት፤ ማንም አያንስበትም።

አንዲት እናት፦ «ልጄ በሃይ ስኩል ቡድን ትጫወታለች። ውድድር ላይ ሰዓቱን ብታስር ትቀጣለች?»

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ2019ኙ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ርቀት መለካት በመርህ የተፈቀደ ነው፤ ግን የውድድሩ አዘጋጆች በራሳቸው ደንብ ሊከለክሉት ስለሚችሉ አስቀድማችሁ አሠልጣኟን ጠይቁ። ቢፈቀድም እንኳ የማይፈቀድ አጠቃቀም አለ፤ የዳገትና የቁልቁለት ልዩነት አስልቶ ርቀት የሚያስተካክለውን፣ ነፋስ የሚለካውንና «በዚህ ዱላ ምቺ» ብሎ የሚመክረውን ሁሉ መጠቀም የለባትም። ከዚህ አንዱን ብትጠቀም በመጀመሪያው ጥፋት ሁለት ምት ትቀጣለች፣ በሁለተኛው ከውድድር ትወጣለች። አብዛኞቹ ሰዓቶች የውድድር ሁኔታ የሚል ምርጫ አላቸው፤ ከቤት ሳትወጡ ክፈቱላት። ሌላው ደግሞ ልጅ ስለሆነች የአፑን ቅንብር ገብታችሁ መዝገቧ ለማን እንደሚታይ እዩ። የት፣ በስንት ሰዓት እንደምትጫወት የሚያሳይ ካርታ ነውና ለማያውቋት ሰዎች ክፍት መሆን የለበትም።

አንድ ወጣት፦ «በክረምት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ እዚያም እጫወታለሁ። ሰዓቴን ይዤ ልሂድ?»

ይዘህ ሂድ፣ ግን አትደባልቀው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ከምናገኘው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሄይንስ ፖይንት ደግሞ ወንዙ ዳር፣ ከባሕር ጠለል ብዙም የማይርቅ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳሷን የሚይዛት ይቀንሳል፤ በየ1,000 ጫማ ከፍታ ከ1 በመቶ ትንሽ በለጥ ያለ ርቀት ይጨመራል ብለህ አስላው። ለአዲስ አበባ ሲሰላ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። ቅድም ያየነው 143 የሚሄደው 7 አይረን እዚያ 155 አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። ሳታውቀው ከመታህ የመጀመሪያዎቹ ኳሶችህ ሁሉ ግሪኑን አልፈው ይሄዳሉ። ሽክርክሪትም በሳሳ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ፣ ወደ ጎን የምትታጠፈው ኳስህ እዚያ ቀጥ ትላለች፤ ወደዚህ ስትመለስ መታጠፏ ተመልሶ ይመጣል፣ በስዊንግህ የመጣ እንዳይመስልህ። አፑ ሁለተኛ ቦርሳ እንድትከፍት ከፈቀደልህ «አዲስ አበባ» ብለህ ለብቻ መዝግብ። ካልፈቀደልህ እዚያ የተጫወትካቸውን ዙሮች ከአማካዩ ውጭ አድርጋቸው። ስትመለስ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር 155ን ትተህ ከ143 ጀምር።